ሰባት እንስሳት ከሰሜን አሜሪካ፣ አንድ ጥያቄ ከእህቴ ልጅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር ከዚህ ገጽ የማትጠብቁት ሊሆን ይችላል። ስለ ጌም ነው። «ጌም ሐላል ነው ወይስ ሐራም» የሚለውን ክርክር ልከፍት አይደለም፤ እሱን ለኡስታዞቻችን እተወዋለሁ። የምጽፈው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጌም እየተጫወተ ስለጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ወላሂ፣ ጥያቄው ከብዶኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ፕላኔት ዙ የሚባለውን ጨዋታ ይወዳል። ፍሮንቲየር የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተኩስ የለበትም፣ ደም የለበትም። ተጫዋቹ የእንስሳት ማቆያ ይገነባል። አጥር ያጥራል፣ ውሃ ይቆፍራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል። እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ የደህንነት መለኪያ አለው፤ ቦታው ከጠበበ፣ ምግቡ ካነሰ፣ ብቻውን ከሆነ መለኪያው ይወርዳል። ቸል ካልከው ተቃዋሚዎች ሰሌዳ ይዘው ግቢህ ውስጥ ይሰለፋሉ። እንስሳ አርብተህ ወደ ዱር ከለቀቅክ ደግሞ ነጥብ ታገኛለህ። ሙዚቃውን ዘግተን፣ ሶላት ሲደርስ አቁመን፣ ቅዳሜና እሁድ አብረን እንቀመጣለን።

በጥቅምት 2021 ለዚህ ጨዋታ የሰሜን አሜሪካ እንስሳት ጥቅል ወጥቶለታል። ልጁ ከዚያ ተነስቶ «አጎቴ፣ የራሳችንን የሰሜን አሜሪካ ግቢ እንሥራ፤ የሚገቡትን እንስሳት ዝርዝር እንጻፍ» አለኝ። እሺ አልኩት፤ ግን አንድ ደንብ አወጣሁ። ታሪኩን የማናውቀው እንስሳ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ጨዋታው ውስጥ ያለም ይሁን የሌለ፣ ቁም ነገሩ ታሪኩ ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ይኸው ዝርዝራችን።

1. ባይሰን

የአሜሪካ ጎሽ ልንለው እንችላለን። ወንዱ እስከ 900 ኪሎ ይመዝናል። ነጮች ሳይስፋፉ በፊት በአሜሪካ ሜዳዎች ከ30 እስከ 60 ሚሊዮን ባይሰን ይኖር እንደነበር ይገመታል። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከ1,000 በታች ቀርቶ ነበር። ለቆዳው ተገደለ፣ ለጨዋታ ከባቡር መስኮት ተተኮሰበት። በባይሰን ሥጋና ቆዳ የሚኖሩት የሜዳው ነባር ሕዝቦችም መንጋው ሲያልቅ ተራቡ፤ በረሃብ ተገደው ወደተከለለላቸው ጠባብ መሬት ገቡ።

ልጁ ፊቱን አጨፈገገ። ከዚያ የነገርኩት ግን ፈታ አደረገው። በ1907 ኒው ዮርክ ከሚገኘው የብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ 15 ባይሰኖች ባቡር ላይ ተጭነው ኦክላሆማ ወደሚገኝ ጥብቅ ቦታ ተወሰዱ። ከከተማ አጥር ወጥተው ወደ ሜዳቸው ተመለሱ ማለት ነው።

2. ቢቨር

ቢቨር ጥርሱ ብርቱካናማ ነው፤ ምክንያቱ በጥርሱ ሽፋን ውስጥ ያለው ብረት ነው። በዚያ ጥርስ ዛፍ ቆርጦ፣ ጭቃና እንጨት አጋጥሞ ወንዝ ይገድባል። ከግድቡ ጀርባ ኩሬ ይጠራቀማል፣ መሬቱ ውሃ ይጠጣል፣ ዓሣና ወፍ ይሰበሰባል። ማንም ምህንድስና አላስተማረውም። ሱብሓነላህ!

የአውሮፓ ሰዎች ግን ከፀጉሩ ባርኔጣ መሥራት ስለወደዱ ለብዙ መቶ ዓመታት ታደነ። የእህቴን ልጅ በጣም ያሳቀው የ1948ቱ ታሪክ ነው። በአይዳሆ ግዛት ቢቨሮችን መንገድ ወደሌለው ተራራ ማድረስ ስላስቸገረ፣ ሠራተኞቹ 76 ቢቨሮችን በሳጥን አድርገው ከአውሮፕላን በፓራሹት ጣሏቸው። ሳጥኑ መሬት ሲነካ ራሱ ይከፈታል። ከአንዱ በቀር ሁሉም በሰላም ወረዱ። «ይሄ ጌም ውስጥ መግባት አለበት!» አለ።

3. ሞናርክ ቢራቢሮ

ክብደቷ ከአንድ ግራም በታች ነው። ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ከካናዳና ከአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች ተነስታ እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር በርራ ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ያሉ የተወሰኑ ዛፎች ላይ ታርፋለች። በሚሊዮን የሚቆጠሩት ቅርንጫፉን እስኪያጎነብሱ ድረስ ይሰፍሩበታል። የሚገርመው፣ የምትሄደው ቢራቢሮ ከዚያ በፊት እዚያ ሄዳ አታውቅም። እናቷም አታውቅም። ባለፈው ክረምት እዚያ የነበሩት ቅድመ አያቶቿ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሞተዋል። መንገዱን የሚያሳያት የለም።

ሳይንቲስቶች ፀሐይን እንደ ኮምፓስ እንደምትጠቀም ደርሰውበታል። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ለኛ ግራ አይደለም። በሱረቱ ነሕል አላህ (ሱ.ወ) ለንቧ የት ቤቷን እንደምትሠራ እንዳሳወቃት እናነባለን። ኮምፓሱን ያስቀመጠላት ማን እንደሆነ እናውቃለን።

4. የጫካ እንቁራሪት

ይቺን ያመጣት እሱ ነው። አላስካ ውስጥ ክረምት ሲገባ ይህች እንቁራሪት ከቅጠል ሥር ተኝታ ትቀዘቅዛለች። ቃል በቃል ነው የምለው፦ ከገላዋ ውሃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በረዶ ይሆናል፣ ልብ መምታት ያቆማል፣ ትንፋሽ የለም። በእጅህ ብታነሳት እንደ ድንጋይ ናት። ወራት አልፈው ሙቀት ሲመጣ በረዶው ይቀልጣል፣ ልቧ መምታት ይጀምራል፣ ዘልላ ትሄዳለች። ምስጢሩ ጉበቷ የሚረጨው ስኳር ነው፤ የሕዋሶቿን ውስጥ ከበረዶ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በማኅበራዊ ሚዲያ «ሞቶ የተነሳ እንስሳ!» እያልን ማጋነን ለምደናል። እንቁራሪቷ አልሞተችም፤ ሕዋሶቿ በሕይወት ነበሩ። የትንሣኤ ቀንን ለማመን የተጋነነ ፖስት አያስፈልገንም። እውነቱ እንዳለ ራሱ ተዓምር ነው፤ ውሸት ስንጨምርበት የምንጎዳው ዲናችንን ነው።

5. ጥቁር እግር ፌሬት

ረጅም ቀጭን ገላ፣ አጭር ጥቁር እግር፣ ዓይኗ ላይ ጭምብል የመሰለ ጥቁር ቀለም ያላት ትንሽ አውሬ ናት። የምትኖረው ፕሬሪ ዶግ የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ እየበላች፣ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ገበሬው ሣሬን ጨረሰብኝ ብሎ ፕሬሪ ዶጉን በመርዝ ሲፈጅ ፌሬቷም አብራ አለቀች። በ1979 በማቆያ የቀረችው የመጨረሻዋ ስትሞት ዘሯ ጠፋ ተባለ።

በ1981 ዋዮሚንግ ውስጥ የአንድ ከብት አርቢ ውሻ አንድ የሞተ እንስሳ በአፉ ይዞ ቤት መጣ። ፌሬት ነበር። ሳይንቲስቶች ሲፈልጉ በአካባቢው የተረፉ አገኙ። ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዲስተምፐር የሚባል የውሾች በሽታ ገባባቸው። በ1987 የመጨረሻዎቹን ይዘው ሲጨርሱ የቀሩት 18 ብቻ ነበሩ። ዛሬ ያሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም የሰባት ፌሬቶች ዘር ናቸው። ከ1991 ጀምሮ ወደ ዱር እየተለቀቁ ነው። ጨዋታው ላይ ዘመዳሞችን አታዋልድ፣ ዘራቸው ይደክማል የሚለው ማስጠንቀቂያ ለምን እንደመጣ ልጁ ያን ቀን ገባው።

6. የካሊፎርኒያ ኮንዶር

ይህ ጥንብ አንሳ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርተው ነበር። በ1987 ሁሉም ተይዘው ወደ ማቆያ ገቡ፤ 27 ነበሩ። ሰማዩ ላይ አንድም አልቀረም። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ተቃውሟል፤ «በክብር በነፃነት ይሙቱ» ያለ ነበር። ጠባቂዎቹ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ኮንዶር በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ነው የምትጥለው፤ እንቁላሉን ሲወስዱባት ግን ሌላ ትተካለች። ጫጩቱ ሰውን እንዳይለምድ የኮንዶር ጭንቅላት የሚመስል ጓንት አጥልቀው ያጎርሱት ነበር። በ1992 መልቀቅ ጀመሩ። ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው፣ ከግማሽ የሚበልጡትም በዱር ይበርራሉ።

ዋናው ገዳያቸው እርሳስ ነው። አዳኝ በእርሳስ ጥይት ገድሎ ጥሎት የሄደውን ሲበሉ ይመረዛሉ። ካሊፎርኒያ በ2019 ለአደን የእርሳስ ጥይትን ሙሉ በሙሉ ከለከለች።

7. ተጓዥ እርግብ

ይቺን የጨመርኳት እኔ ነኝ። በአንድ ወቅት በሰሜን አሜሪካ ከ3 እስከ 5 ቢሊዮን እንደነበረች ይገመታል። መንጋዋ ሲያልፍ ለሰዓታት ፀሐይ ይጋረድ ነበር። በጥይት፣ በመረብ፣ በጢስ ተፈጀች፤ በበርሜል ተጭና ለከተማ ገበያ ተሸጠች። «ይህን ያህል ብዛት መቼም አያልቅም» ብለው ነበር። የመጨረሻዋ ማርታ የምትባል ስትሆን መስከረም 1 ቀን 1914 ሲንሲናቲ ከተማ ባለ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ፣ ብቻዋን፣ ጎጆዋ ውስጥ ሞተች።

ዝርዝሩ እዚህ ላይ አለቀ። የእህቴ ልጅም ጥያቄውን ያነሳው እዚህ ላይ ነው።

«አጎቴ፣ ባይሰኑ በማቆያ ተረፈ። ፌሬቷና ኮንዶሩም። ማርታ ግን ማቆያ ውስጥ ሞተች። ታዲያ እንስሳ ማሰር ዙልም ነው ወይስ ራሕመት?»

ወዲያው አልመለስኩለትም። ከመግሪብ በኋላ እየሄድን ነው ያወራነው። የማውቀውን ነገርኩት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ድመት አስራ ስላስራበቻት ሴት ነግረውናል። ሴትዮዋ የተቀጣችው አላበላቻትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም በሚል ነው። በሌላ በኩል፣ አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ ሕፃን የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ወፏ እየጠየቁ ያጫውቱት ነበር እንጂ ልቀቃት አላሉትም። ዑለማዎች ከነዚህ ሐዲሶች ተነስተው፣ ምግቡንና ውሃውን ለሚያሟላ፣ ለማያሰቃይ ሰው ወፍ ማቆየት እንደሚፈቀድ ተናግረዋል። ሦስተኛም አለ። ሶሓባዎች በጉዞ ላይ ከአንዲት ወፍ ጫጩቶቿን ወስደውባት፣ እናትየዋ ከላያቸው ስትርበተበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይተው ልጆቿን እንዲመልሱላት አዘዙ።

ስለዚህ አጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የሚጠየቀው ባለ አጥሩ ነው፦ ለምን ያዝከው? ምን አበላኸው? ወዴት ልታደርሰው ነው?

ለልጁ የነቢዩላህ ኑሕን (ዐ.ሰ) መርከብ አስታወስኩት። እዚያ ውስጥ ያሉት እንስሳት ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጭነው ነበር፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ ነፃነት የለም። ግን መርከቡ የሚያርፍበት ነበረው። ውሃው ሲጎድል ሁሉም ወደ ምድራቸው ወረዱ። የባይሰኑ ባቡር፣ የፌሬቷ ሳጥን፣ የኮንዶሩ ጎጆ እንደዚያ ነበሩ፤ ለማውረድ የተጫኑ። ማርታን የጫናት ግን ማውረጃ አልነበረውም። ዘመዶቿ አልቀው ነበር፤ የቀረው መቁጠርና መመልከት ብቻ ነበር። መርከብ የሚሠራው ጎርፉ ሳይመጣ ነው።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «የኛ አገር ፌሬት ማን ነው?» አለኝ።

ይህን መቼም አልጠበቅኩም። መልሱ ግን ቅርብ ነበር። ቀይ ቀበሮ።

ንጽጽሩ ያስደነግጣል። ፌሬቷ በፕሬሪ ዶግ እንደምትኖር፣ ቀይ ቀበሮ በባሌ ደጋ ላይ በፍልፈልና በአይጥ ይኖራል። ፌሬቷን የውሾች በሽታ ሊጨርሳት እንደነበረ፣ የባሌን ቀይ ቀበሮዎችም ከውሻ የመጣ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ያው ዲስተምፐር። በዓለም ላይ የቀሩት ወደ 500 ገደማ ናቸው። ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ። ከፌሬቷ የሚለያቸው አንድ ነገር ነው፦ በየትኛውም የዓለም የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንድም ቀይ ቀበሮ የለም። መርከብ የላቸውም። ከጠፉ የሚመልሳቸው 18 ተራፊ የትም አልተቀመጠም።

ለዚህ ነው የውሾች ክትባት ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው። የሚከተበው ውሻው ነው፤ የሚተርፈው ግን ቀበሮውም፣ እረኛውም፣ የእረኛው ልጅም ነው። በከተማ የምንኖር ወጣቶች ባሌ ላይ ዘመድ ካለን፣ ውሻ ሲከተብ ዝም እንዳይሉ መንገር አያቅተንም። የሰፈራችንን ውሻ ማስከተብም እንዲሁ። «ውሻ ነው» ብለን የምንንቅ ካለን፣ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ (ሱ.ወ) እንደማረው እናስታውስ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ። ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔን የያዘኝ ባሌም ዋዮሚንግም አይደለም፤ የሰፈራችን ጋሪ መቆሚያ ነው። እዚያ የሚቆሙት ፈረሶች ጀርባቸው የቆሰለ ነው። ዝንብ ቁስላቸው ላይ ይሰፍራል። ሲሚንቶ፣ ብሎኬት፣ ሰው ይጎትታሉ፤ ዳገት ላይ ሲያቅታቸው ጅራፍ ይወርድባቸዋል። ሁላችንም በየቀኑ ወደ መስጂድ ስንሄድ በጎናቸው እናልፋለን። ጨዋታው ላይ ያለው እንስሳ ሲራብ ቀይ ምልክት ይበራል፣ ተቃዋሚ ይሰለፋል። ከኛ ፈረስ ራስ በላይ የሚበራ ምልክት የለም። የሚያየው ዓይንና የሚፈራ ልብ ያለው ሰው ነው ምልክቱ።

አንድ ግመል ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀርቦ እንባው እንደወረደ፣ እሳቸውም አባብሰው፣ ባለቤቱን ጠርተው እያስራብክና እያደከምክ ታስቸግረዋለህ ብለው እንደገሠጹት አቡ ዳዉድ ዘግበውታል። ባለ ጋሪውም ድሃ ነው፣ ልጆች አሉት፤ በሱ ላይ መጮህ አይደለም የምለው። ግን ስንት ሆነን እንደምንጫን እኛ እንወስናለን። ዳገት ላይ መውረድ እንችላለን። የቁስል መድኃኒት ዋጋ ለሦስት ጓደኛ ቢካፈል ከአንድ ቀን የኢንተርኔት ጥቅል አይበልጥም። የሰፈራችን የወጣቶች ጀማዓ ለረመዳን ኢፍጣር ብር ያሰባስባል፣ ማሻአላህ፤ ከዚያ ላይ ለአንድ ገንዳ ውሃ የሚሆን ቢነሳ ባለ ጋሪው እንኳ ደስ ይለዋል።

በሱረቱል አንዓም አላህ (ሱ.ወ) በምድር የሚሄዱትም በክንፋቸው የሚበርሩትም እንደኛው ኡማዎች መሆናቸውን ይነግረናል። ኡማ የሚለውን ቃል ስንሰማ ስለራሳችን ብቻ ማሰብ ለምደናል። ተጓዥ እርግብም ኡማ ነበረች፤ በሰው እጅ አለቀች። ባይሰንም ኡማ ነው፤ በሰው እጅ ሊያልቅ ደርሶ በሰው እጅ ተመለሰ። ሁለቱም እጆች የሰው ናቸው። ኸሊፋ መሆን ማለት በየትኛው እጅ እንደሠራን መጠየቅ ነው።

ግቢያችን አሁን ተሠርቶ ሊያልቅ ነው። ለሰባተኛዋ ልጁ ባዶ ጎጆ ሠራላት፤ ውስጡ ዛፍና ውሃ አለ፣ ወፍ ግን የለም። በሩ ላይ ምን ልጻፍ ብሎ ሲጠይቀኝ ስሟንና ያለፈችበትን ዓመት ጻፍ አልኩት። ከጎኑ ሌላ ባዶ ቦታ አጥሯል። ለቀይ ቀበሮ መስሎኝ ነበር። «አይ፣ እሱ ተራራው ላይ ይቆይ» አለኝ፤ «ይሄ የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ የሚያርፍበት ነው»።

ያ አላህ! ለፍጥረትህ የሚያዝን ልብ ስጠን። በእጃችን ሥር ባደረግከው ሁሉ ነገ አታሳፍረን። ልጆቻችንን ከኛ የተሻሉ አድርጋቸው። አሚን።

ጽሑፉን ለወዳጆቻችሁ አጋሩ፤ በአስተያየት መስጫው ላይ ደግሞ እናንተ የምትጨምሩትን እንስሳ ከነታሪኩ ጻፉልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።